ለትምህርቴ ድንኳን ያስጣሉት እትዬ በላይነሽ

ስልኬ የጮኸው ከጎተራ ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ለሁለት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኜ ተጣብቄ ሳለሁ ነው። ደዋዩ አቶ ጌታሁን ነበሩ፤ የድሮ የሒሳብ አስተማሪዬ።

«ትርንጎ፣ እትዬ በላይነሽ አረፉ» አሉኝ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «ቀብር ነገ ስድስት ሰዓት ነው። የቀረ ሰው ፊዚክስ ያስተምራል ብለው ተናዘዋል።»

ሳቄ አመለጠኝ። አቶ ጌታሁንም ከወዲያ ማዶ ለቀቁት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምን ደስ የሚል ነገር ሰማሽ ልጄ?» ሲሉኝ «ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳቸው። ሴትየዋ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። ከዚያ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ እሱም አልቆም አለ። እስክወርድ ድረስ አንዴ ስስቅ አንዴ ሳለቅስ ረዳቱ ሒሳብ ሊጠይቀኝ እንኳን ፈራ።

እንዲህ ያለ ኑዛዜ የሚገባው የእኛ ሰፈር ሰው ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምር።

እትዬ በላይነሽ ካዛንቺስ ሰፈራችን ሳይፈርስ፣ ሰዉም ወደየኮንዶሚኒየሙ ሳይበተን በፊት የእድራችን ሰብሳቢ ነበሩ። ከዚያ በፊት ደግሞ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በዩኒት ሊደርነት ሠርተዋል። ዩኒት ሊደር ማለት ጠዋት በር ላይ ቆሞ አርፋጅ የሚይዝ፣ ጥፍር የሚያይ፣ ዩኒፎርም የሚመረምር፣ ተማሪ ከርዕሰ መምህሩ አብልጦ የሚፈራው ሰው ነው። እሳቸው ጡረታ የወጡት ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አልነበረም። በሀበሻ ቀሚስ ላይ ነጭ ስኒከር አድርገው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ብቅ ሲሉ፣ ትምህርት ከጨረሱ ዘመን የሆናቸው ባለ ትዳርና ባለ ልጅ ወንዶች ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ ሲከትቱ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ማስቲካውን ውጦ አነቀው ይባላል። ይህን አላየሁም፤ ግን አምናለሁ።

እኔ ያኔ ሮማን የምትባል ሴት ቤት ነበርኩ። ሮማን ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ እጇ የማያርፍ፣ ካዛንቺስ ውስጥ አነስ ያለች ምግብ ቤት የነበራት ሰው ናት። «እትዬ አትበይኝ፣ ያስረጀኛል» ስላለችኝ ሮማን እያልኩ ነው የምጠራት። ቤቷ አድራለሁ፤ ቀን የቤቱን ሥራ፣ ማታ የምግብ ቤቱን ሳህን አጥባለሁ። ከጎጃም የመጣሁት አባቴ ሲሞት፣ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ጥዬ ነው።

አንድ ቀን ሮማን ለልጇ ክርስትና ከእድሩ የተዋሰችውን ሳህን እንድመልስ ላከችኝ። እትዬ በላይነሽ መጋዘኑን ከፍተው እያንዳንዱን ሳህን ወደ ብርሃን ቀና እያደረጉ ሲያዩ ቆዩ።

«አንቺ ነሽ ያጠብሽው?»

«አዎ እትዬ።»

«ጎበዝ። ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ከሰባተኛ አቋርጬ ነው የመጣሁት።»

ሳህኑን አስቀመጡት። «ማንን አስፈቅደሽ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ስል ፊታቸው ላይ ፈገግታ የሚባል የለም። «አባቴ ሞቶ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አባትሽን ፈጣሪ በገነት ያኑራቸው። እኔ የጠየቅሁሽ ስለ ትምህርቱ ነው። ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«እንግዲያው አላቋረጥሽም፤ ትንሽ አርፍደሻል» አሉና አገጬን በጣታቸው ቀና አደረጉት። በዚያው ሳምንት ማታ ትምህርት ቤት አስመዘገቡኝ። ሮማንን ያስፈቀዱበት መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው፦ «ይቺ ልጅ ከሰኞ ጀምሮ ማታ ትማራለች፤ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።» የእድር ሰብሳቢን እምቢ የሚል ሰው ካዛንቺስ ውስጥ አልተወለደም። ሰው ነገ ይሞታል፤ ቀባሪ ያስፈልገዋል።

ማታ ትምህርት ከመግባታችን በፊት የምናጠናው እዚያው የእድሩ መጋዘን ውስጥ ነበር። እንደ እኔ ያሉ የቤት ሠራተኞች፣ ሊስትሮዎች፣ አንዲት ሎተሪ አዟሪ፣ ከጎዳና ገና የተነሡ ሁለት ወንድማማቾች በለቀስተኛ አግዳሚ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ደወላችን የድስት ክዳን በጭልፋ ነው። ሰሌዳችን ደግሞ የእድሩ ትልቁ ድስት ነው። ድስቱ ይገለበጥና ጥላሸት በጠገበው ቂጡ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ቂጡ ክብ ስለሆነ ቀጥ ያለ መስመር የሚባል ነገር እዚያ ላይ አይሠመርም፤ እኔ ትይዩ መስመሮች የማይገናኙ መሆናቸውን ያመንኩት ዘጠነኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድስቱ ለወጥ ይፈለጋል። አንድ ጊዜ ክፍልፋይን ገና ሳንጨርሰው እሳት ላይ ተጣደና፣ እትዬ በላይነሽ ወጡን ቀምሰው «ዛሬስ ሒሳብ ሒሳብ ይላል» አሉ።

አስተማሪዎቹን ያገኙበት ዘዴ ነው ከሁሉ የሚብሰው። በእድር ደንብ ቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። እትዬ በላይነሽ በአንድ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «የተማረ ሰው ቅጣቱን በገንዘብ መክፈሉ ቀርቶ በማስተማር ይሁን» አሉ። አዳራሹ አጉረመረመ። «ቅሬታ ያለው እጁን ያውጣ» አሉ፣ በዩኒት ሊደር ድምፅ። አንድም እጅ አልወጣም።

በዚህ መንገድ ነው አቶ ጌታሁን በእጃችን የገቡት። አቶ ጌታሁን የአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ናቸው፤ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀብር መቅረት ልማዳቸው ነበር። አንዱን ቅጣት ሳይጨርሱ ሌላ ሰው ይሞታል። በመጨረሻ ቋሚ መምህር ሆነው አረፉት። ባዮሎጂ የሚያስተምረን ለተከታታይ ሦስት ቀብር አዳሪ ተረኛ የነበረች ነርስ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ኮምፒዩተር ጠጋኝ የሆነ ጎረምሳ ነበር። «ማለቴ፣ ቨርብ ማለት በቃ አክሽን ነው። አይጨንቃችሁ፣ ሙድ ይዛችሁ ተማሩት» ይለን ነበር። ፊዚክስ የሚችል አንድ ኢንጂነር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ቀብር አይቀርም። እግዜር ይቅር ይበለንና፣ ሰፈር ውስጥ አንድ አዛውንት ጠንከር አድርገው ባሳሉ ቁጥር እኛ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እንተያይ ነበር።

እንዲህ እየሳቅን ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ሚኒስትሪ ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ግን የሮማን ወጥ ሠሪ ሥራ ለቀቀች። ሮማን ራሷ ወጥ ቤት ገባች፣ ማታ ማታ ደንበኛ ይጮኻል፣ ሳህን ተራራ ይሠራል። አንድ ምሽት ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመች።

«ትርንጎ፣ ከእንግዲህ ማታ ትምህርት የለም። አታይኝም እንዴ? ልሞት እኮ ነው!»

«ፈተናው ደርሷል…»

«ለከርሞ ትፈተኛለሽ። ፈተና የትም አይሄድ።»

ፈተናው የትም አይሄድም፤ እኔ ግን እሄዳለሁ። የማታ ትምህርት ቤቱ ከዚህ በኋላ ከሳምንት በላይ የቀረ ተማሪ ለሚኒስትሪ አይቀመጥም ብሎ አስጠንቅቆናል። አንዴ ከቀረሁ ለከርሞ ሌላ ወጥ ሠሪ እንደምትለቅ፣ ከዚያም ሌላ እንደሚመጣ ታይቶኛል። በዚያ ሳምንት እያጠብኩ አለቅስ ነበር፤ ቢያንስ ውኃ አልባከነም። እትዬ በላይነሽ ሁለት ጊዜ መጥተው ለመኑ፣ ሮማን «እሺ እናያለን» እያለች ሸኘቻቸው። በሦስተኛው በር አልከፈተችም። እሳቸውም አንኳኩተው ሲያበቁ ከበሩ ውጭ «እንግዲህ አርፎ ከሆነ ወጉን ማድረስ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። «የሮማን ቤት! የሮማን ቤት ለቅሶ አለ!»

እኔ ከጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ቤቱን በዓይኔ ቆጠርኩት። ሮማን ወጥ ቤት ናት፣ ልጆቹ ካርቱን ያያሉ፣ ባሏ ጋሽ ደሳለኝ ጥርሱን እየቦረሸ ነው። ሁሉም በሕይወት አለ። በበሩ ቀዳዳ ባይ ደጃፋችን ላይ ድንኳን ተጥሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ትልቁ ድስት እሳት ላይ ወጥቷል። የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጎረፈ ነው። ማን እንደሞተ የሚያውቅ ስለሌለ ሁሉም የመሰለውን ያለቅሳል።

ይባስ ብሎ ለጋሽ ደሳለኝ እህት ጎተራ ድረስ ተደውሎላት ኖሮ፣ ከታክሲ ወርዳ ደረቷን እየደቃች መጣች። «ወይኔ ወንድሜ! ወይኔ ደሴ! ሳልጠግብህ!» ጋሽ ደሳለኝ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ከፈተ። የጥርስ ብሩሹ አፉ ውስጥ ነው፣ አገጩ ላይ አረፋ አለ። እህቱ ቀጥ ብላ አየችው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና በጫማው ታሳድደው ጀመር። «ቆመህ ነው እንዴ! የታክሲ ሰው ሁሉ አስለቅሼ!» እሱ በብሩሹ ምክንያት መመለስ አልቻለም። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ።

ሮማን ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። «ማነው የሞተው? እትዬ በላይነሽ፣ ማነው የሞተብኝ?»

እትዬ በላይነሽ ከድንኳኑ መሐል ብድግ አሉ። «የትርንጎ ትምህርት ነው ልጄ። እግዜር ያጽናሽ።»

«ምን?»

«ቁጭ በይ። ለቀስተኛ እያየሽ ትቆሚያለሽ?»

እዚህ ላይ ነው የእሳቸው ብልሃት። ሮማን ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ግን ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ አዛውንት ተነሥተው «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ እጅ ሲነሱ፣ ያገራችን ሰው ሰውነት ከአእምሮው ቀድሞ ይታዘዛል። ሮማን የሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ ቁጭ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ለሁሉም መለሰች። ጭልፋው እጇ ላይ ነው። ንፍሮ ሲያመጡላት ዘግና ቃመች።

ከዚያ እትዬ በላይነሽ መነጽራቸውን አደረጉና የሟችን የሕይወት ታሪክ ከወረቀት አነበቡ።

«ሟች የትርንጎ ትምህርት በጎጃም ገጠር ከአንድ ዋርካ ሥር ተወለደ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ለማባዛት ፈጣን፣ ለማካፈል ግን ትንሽ ዳተኛ ነበር። አምስተኛ ክፍል ላይ እንግሊዝኛ በጠና ታሞ በብዙ ጸሎት ድኗል። ሰባተኛ ላይ ሞተ ተብሎ ተወርቶ፣ በእድራችን ድስት ቂጥ ላይ ነፍስ ዘርቶ ተነሥቷል። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ሚኒስትሪውን ሳያይ፣ ባደረበት የሳህን ሕመም ምክንያት በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለየ።»

ከእንግዲህ መያዝ አልተቻለም። አግዳሚው በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። ንፍሮ የተናነቀው፣ ጀርባ የሚደበድብ፣ እንባውን የሚጠርግ። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ የገዛ ለቅሶዬን እያየሁ ሆዴን ይዣለሁ። አቶ ጌታሁን በዚህ መሐል እያለከለኩ ደረሱ፤ «አርፍደዋል፤ አንድ ሳምንት ጂኦሜትሪ» ተባሉ።

ሮማንም የምትስቅ መስሎን ነበር። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። ስትገልጠው ግን ሳቅ አልነበረም።

«እኔም ስምንተኛ ላይ ነው የቀረሁት» አለች። «ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ። ሚኒስትሪ ሲደርስ እናቴ ተኛች፣ ታናናሾቼን የሚይዝ ጠፋ። ደብተሬን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ማንም ‹ምነው ቀረሽ› አላለኝም። የእኔ ሲሞት ማን ድንኳን ጣለልኝ?»

እትዬ በላይነሽ ለሁሉም ነገር መልስ ነበራቸው። ለቀበሌም፣ ለቄሱም፣ ለትራፊክ ፖሊስም። ያኔ ግን መነጽራቸውን አወለቁ፤ ሄደው ከሮማን አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፤ ዘግይቶ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ የሚለውን አሏት።

«አልሰማሁም ነበር ልጄ። ብሰማ እመጣ ነበር።»

ሮማን ትከሻቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በድንኳኑ ውስጥ አንድ የማልረሳው ነገር ሆነ፤ ሰዉ በየተራ የየራሱን ያወራ ጀመር። ጥሩምባ ነፊው አራተኛ ላይ ቀሩ፣ አንዷ ባሏ ከልክሏት አሥረኛ ላይ፣ የጋሽ ደሳለኝ እህት ጫማዋን መልሳ እያጠለቀች «የእኔስ ስድስተኛ ላይ አይደል?» አለች። ለአንድ ልጅ ትምህርት ልናለቅስ ተሰብስበን ሙሉ ሰፈር ቀበርን። በየመሐሉ ደግሞ እንስቃለን፤ ለቅሶ ቤት ሲያመሽ ወጉ ይኸው ነው።

እትዬ በላይነሽ ግን ሥራ የማይረሱ ሰው ናቸው። ዓይናቸውን ጠርገው ብድግ አሉ። «ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛ ሳህን ያጥባል?» ሲሉ «ኧረ አያጥብም!» አለ ሰዉ። «እንግዲያው ፈተናው እስኪያልፍ የዚህ ቤት ሳህን የእድሩ ነው።»

የእድሩ ሴቶች በየምሽቱ በተራ ሽርጣቸውን አስረው የሮማን ምግብ ቤት ጓሮ ገቡ። ካዛንቺስ ውስጥ የእድር ሳህን አጣቢዎች ያሉት ምግብ ቤት ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ወሬው ሲዛመት ሊያይ የመጣው ሁሉ እየበላ ሄደ፤ አዲስ ወጥ ሠሪም ከመጡት ሴቶች መሐል ተገኘች። እኔ በዚያ ሰዓት ሁሉ የድስቱ ቂጥ ፊት ነበርኩ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እትዬ በላይነሽ ነጭ የለበሱ ሴቶች አስከትለው አጅበውኝ ሄዱ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ያን ሁሉ ነጠላ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀና «እግዜር ያጽናችሁ። አስከሬኑ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለ። እሳቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። «ይቻትና። በእግሯ ትገባለች።» እኔ ፈተና ክፍል የገባሁት እየሳቅሁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች በሳቅ፣ የቀሩትን በፍርሃት፣ የመጨረሻዎቹን በእልህ ሠራኋቸው።

ውጤት የመጣ ቀን አቶ ጌታሁን ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው መንገዱን አቋርጠው ሲሮጡ አየኋቸው፤ ያኔ ነው የገባኝ። እትዬ በላይነሽ ዘለሉ። በእውነት ዘለሉ፣ በስኒከሩ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወደ ሮማን ምግብ ቤት ጎተቱኝ።

የምሳ ሰዓት አልፎ ስለነበር ሮማን ጓሮ ብቻዋን ሳህን ታጥባለች። እጇ እስከ ክርኗ አረፋ ነው።

«አለፍኩ» አልኳት።

እልል አለች። በዚያ አረፋ እጇ አቀፈችኝ፤ ጀርባዬ እስኪርስ አለቀቀችኝም። ሦስታችንም ጮኸን ጮኸን ስንበርድ፣ ሮማን ወደ ሳህኗ ተመለሰች። አንዱን ሳህን አነሣችና ደጋግማ አሸችው፤ ንጹሕ ነበር። ወደ እኛ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ቀንሳ ጠየቀች።

«ሒሳቡ… በጣም ከባድ ነው?»

እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ፈትተው ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩት፤ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ወደ መታጠቢያው ጠጋ አሉ።

«ከባድ ነው» አሏት። «ሳህኑን ወዲህ በይና ሂጂ ተመዝገቢ።»